የወራጅ ቀጠና ጎረቤቶች

ግብ ጠባቂውን ጋሽ ወልደገብርኤል ብሎ የሰየመው እንድሪያስ ነው። ሐምሌ ነበር። ዝናቡ ከቴዎድሮስ አደባባይ ወረድ ብሎ ያለውን ሕንፃ መስኮቶች ይደበድባል፤ ኢልሀም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ማዳመጫዋን አጥልቃ፣ ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ ደርድራ፣ የፖላንድ ከፍተኛ ሊግ የመጀመሪያ ጨዋታዋን ትጽፋለች።

«ጋሽ ወልደገብርኤል ያዛት» አለ በጆሮዋ ውስጥ ያለው የእንድሪያስ ድምፅ። «አቅፏታል። አይለቃትም፤ ደሞዙ ነች።»

ጣቶቿ ቆሙ።

«ማነው ጋሽ ወልደገብርኤል?»

«ቁጥር አንድ። በረኛው። አቋቋሙን አላየሽም? ከበሩ ንቅንቅ አይልም።»

«የወረቀት መደብሩ ዘበኛ?»

 ከግድግዳው ወዲያ ወንበር ሲንቋቋ ሰማች።

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

«የዐፊፋ። የልብስ ሰፊዋ። ከቦኖው ውኃ ፊት ለፊት።»

«ታዲያ እያወቅሽ ምን ትጠይቂኛለሽ? ጻፊ፣ ጻፊ፣ ኳሷ እምሩ ጋር ደርሳለች!»

እምሩ ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። በሰፈራቸው በዶሮ ማነቂያ ውስጥ ቤት የተከራየ ሁሉ በደላላው በእምሩ እጅ አልፏል። ስምንት ቁጥሩም እንደሱ ነበር፤ ከወዲህ ይቀበላል፣ ወዲያ ይሰጣል፣ ለራሱ ምንም አይይዝም። ኢልሀም ጻፈች። የጨዋታው ግማሽ ሲያልቅ ፊቷ ላይ ፈገግታ እንዳለ በጥቁሩ ስክሪን ውስጥ አየችው፤ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነም ልታስታውስ አልቻለችም።

ሥራው ለማያውቀው ሰው ለማስረዳት ያስቸግራል። ድርጅቱ የውጭ አገር ጨዋታዎችን ቪዲዮ ይቀበላል። በጨዋታው የተነካችው እያንዳንዷ ኳስ፣ ማን እንደነካት፣ ለማን እንዳቀበላት፣ መድረስ አለመድረሷ ተጽፎ ይላካል። አሠልጣኞች ይገዙታል ይባላል፤ አቋማሪ ቤቶችም እንደዚሁ። ሥራው የሁለት ሰው ነው፤ ጠሪና ጻፊ። ጠሪው ትልቁን ስክሪን እያየ የሚሆነውን ሁሉ በድምፅ ይጠራል። ጻፊው በትንሿ ስክሪን ቦታውን እየተከተለ የሰማውን ይጽፋል። የጠሪዎች ድምፅ እንዳይደበላለቅ ሁለቱ በስስ የእንጨት ግድግዳ በተከፈሉ ክፍሎች ይቀመጣሉ፤ የሚገናኙት በማዳመጫው ብቻ ነው።

የፖላንዶቹን ስም የአዲስ አበባ አፍ አይሸከመውም። በቁጥር እንዳይጠሩ የሁለቱም ቡድን ስምንት ቁጥር አለ፣ የሁለቱም ዘጠኝ አለ፤ ጻፊው ይሳሳታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጠሪ ለተጫዋቾቹ የራሱን ስም ያወጣል። በቀጣዩ ክፍል ያሉት ጥንዶች በአትክልት ስም ነበር የሚጠሩት፤ በኮሪደሩ ያለፈ ሰው «ካሮት ለቀይ ሥር፣ አጭር፣ ደረሰ» የሚል ድምፅ ይሰማል። እንድሪያስ ግን የራሱን ሰፈር አሰለፈ። ጋሽ ወልደገብርኤል በረኛ። ሥጋ ሻጩ ሐድጉ የመሐል ተከላካይ፤ ትልቅ ሰውዬ፣ ጥፋቱን ሁሉ በሌላ ሰው ላይ የሚጮህ። እምሩ አማካይ። አጥቂው ደግሞ የሲን፤ ካልሲና ቀበቶ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ፒያሳን ቀኑን ሙሉ ይዞር የነበረው።

«የሲን ሮጠ፣ የሲን ዞረ፣ የሲን ሳይሸጥ ገባ» ይል ነበር እንድሪያስ፣ አጥቂው ጎሉን በሳተ ቁጥር።

ሁለቱ የተመደቡበት ቡድን ፕሮምየን ይባላል። በደቡብ ፖላንድ ያለች የከሰል ማውጫ ከተማ ቡድን ነው፤ ማልያው ቢጫና ጥቁር፣ ሜዳው ጠባብ፣ ደጋፊው የሚያጉረመርም። ጥንድ አንድ ቡድን ከተሰጠው ዓመቱን ሙሉ እሱኑ ይይዛል። ዓይን የተጫዋቾቹን አረማመድ ይለምዳል፤ ጀርባቸውን ብቻ አይቶ ይለያቸዋል።

ሰፈሩ ከሁለት ዓመት በፊት ፈርሷል። የኢልሀም እናት ዐፊፋ የስፌት መኪናዋን በጭነት መኪና ጭና ገላን ጉራ ገባች። ሥጋ ሻጩ በአንድ አቅጣጫ፣ ደላላው በሌላ ሄደ፤ ሁሉም የደረሰው ቦታ ነው የገባው። አሁን በቦታው ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ ሣርና ረጃጅም መብራት አለ፤ መንገዱም እውነቱን ለመናገር ያምራል። ኢልሀም ከሥራዋ እንዳትርቅ ብላ አፍንጮ በር አንድ ክፍል ተከራየች። ጠዋት ስትወጣ የሚሰናበታት፣ ማታ ስትገባ «ዛሬስ አመሸሽ» የሚላት ሰው የለም። ቅዳሜ ወደ እናቷ ትደውላለች።

«አንቺ ልጅ፣ አሁንም ኳስ እያየሽ ነው የሚከፍሉሽ?»

«እየጻፍኩ ነው፣ እማ።»

«ወንዶቹ በነፃ የሚያዩትን! አልሃምዱሊላህ፣ ይሁን። ምሳ በልተሻል?»

«በልቻለሁ።» ብዙ ጊዜ አልበላችም ነበር።

ከእንድሪያስ ጋር በአካል ሲገናኙ ሌላ ነገር ነበር። በኮሪደሩ ጫፍ የቡና ማሽን አለ። እዚያ ማኪያቷቸውን ይዘው ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ እሱ ረጅም፣ አንገቱ ቀጭን፣ ዓይኑን ከስኳሩ ላይ የማይነቅል ሰው ነበር።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አንተስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

በዚያው ያበቃል። ማዳመጫው ውስጥ የሚቀልደው፣ የሚያሽሟጥጠው፣ የሐድጉን ጩኸት የሚያስመስለው ሰውና ይህ ሰው አንድ መሆናቸው ያስገርማት ነበር። እሷም ብትሆን ሌላ ሰው ነበረች፤ በማዳመጫው «ውይ የሲን፣ ዛሬም ካልሲህን ይዘህ ገባህ?» የምትለው ልጅ ማሽኑ ጋ ስትደርስ ምላሷ ይታሰራል። ስለ እሱ የምታውቀው ጥቂት ነበር። ጴንጤ ነው፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ይዘምራል። እናቱ ሞታለች። የሚኖረው ከሥላሴ በታች በአጎቱ ግቢ ነው። ይህንንም የሰማችው በጨዋታ መሐል፣ ተጎጂ ተጫዋች ሜዳ ላይ ተኝቶ ሲጠበቅ፣ በቁርጥራጭ ነው።

ፕሮምየን በመስከረም ተሸነፈ፣ በጥቅምት ተሸነፈ። በኅዳር አንድ ጊዜ አሸንፎ ሁለቱ በየክፍላቸው አጨበጨቡ፤ ተቆጣጣሪያቸው አቶ ኃይለየሱስም የሁለቱንም ክፍል በር ከፈቱ። መነፅራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ፣ ቀድሞ የሒሳብ አስተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው።

«እዚህ ቤት ደጋፊ የለም» አሉ። «ዓይናችሁ ካዳላ ለየሲናችሁ ያልነካውን ኳስ ትሰጡታላችሁ። ባለፈው ሳምንት ሰጥታችሁታል። አርሜዋለሁ።»

«ነክቷታል እኮ ጋሼ» አለ እንድሪያስ።

«ጥላው ነው የነካት።»

ከዚያ መነፅራቸውን አወረዱና አንድ ነገር ጨመሩ። ድርጅቱ የሚሠራው ለከፍተኛው ሊግ ብቻ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ሦስት ቡድኖች ይወርዳሉ። የወረደ ቡድን ቪዲዮው አይመጣም፤ ይዞት የነበረው ጥንድም ይፈርሳል፣ ሁለቱም ሰው ወደጎደለበት ይመደባሉ።

«እንዲያው እንድታውቁት ነው» ብለው በሮቹን ዘጉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ኢልሀም የደረጃውን ሰንጠረዥ ማየት ጀመረች። ፕሮምየን ከመጨረሻ ሁለተኛ ነበር። የምትጽፈው ነገር ውጤቱን እንደማይቀይር፣ ጨዋታው እሷ ጋ ሲደርስ አልቆ እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። ቢሆንም ኳሷ ወደ ጋሽ ወልደገብርኤል ስትሄድ ትንፋሿን ትይዝ ነበር።

በታኅሣሥ የፖላንድ ሜዳ በረዶ ይለብሳል፤ ሊጉ እስከ ጥር መጨረሻ ይዘጋል። ጻፊዎቹ የቆዩ ጨዋታዎችን ለየብቻቸው እንዲያርሙ ተደረገ፤ ጠሪዎቹ ዕረፍት ወጡ። ኢልሀም ማዳመጫውን ያለ ድምፅ አጥልቃ ትቀመጥ ነበር፤ ለምን እንደምታጠልቀው ራሷን አልጠየቀችም። ገና አለፈ። በጥምቀት ሰሞን ፒያሳ በሰው ሲሞላ እሷ ገላን ጉራ እናቷ ዘንድ ሰነበተች። አንድ ከሰዓት ዐፊፋ የስፌት መኪናዋን እየዘወረች ሳለ ጠየቀቻት።

«እማ፣ ጋሽ ወልደገብርኤል የት ገባ?»

«ዘበኛው? እኔ እንጃ። ወደ ልጁ ሄደ የሚል ሰምቻለሁ።» መኪናዋን አቆመች። «አገሩ ግን ሩቅ ነው። ማን ጠይቆት ያውቃል? መደብሩ ሲፈርስ ሦስት ቀን በሩ የነበረበት ቦታ ላይ ቆሞ ነበር አሉ። ምነው፣ ምን አስታወሰሽ?»

«እንዲያው።»

የጥር መጨረሻ ላይ ሊጉ ተከፈተ። ኢልሀም ያን ጠዋት ቀድማ ደረሰች፤ ማዳመጫዋን አጥልቃ ጠበቀች። ከግድግዳው ወዲያ ሰው ገባ፣ ወንበሩ ተንቋቋ፣ ድምፅ ግን የለም። ቆይቶ አቶ ኃይለየሱስ በሩን ከፈቱ። ከኋላቸው እንድሪያስ ቆሟል፤ አንገቱ ላይ ነጠላ ሻርፕ ጠምጥሟል።

«ጉሮሮው ታሟል» አሉ። «ሐኪም ድምፅ እንዳያወጣ ከልክሎታል፤ ሹክሹክታም ቢሆን። እስኪሻለው እሱ ይጽፋል፣ አንቺ ትጠሪያለሽ። ስህተታችሁ ከበዛ ግን ላቆየው አልችልም። ድምፅ የሌለው ጠሪ፣ እጁ የዘገየ ጻፊ፤ ምን ብዬ ልከራከርለት?»

ኢልሀም እንድሪያስን አየችው። እሱ የበሩን እጀታ ያያል።

«መዝሙሩስ?» አለች፤ ከሰላምታ ውጪ በአካል የጠየቀችው የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር።

ራሱን ነቀነቀ። የለም ማለቱ ነው።

በትልቁ ስክሪን ፊት ስትቀመጥ ተጫዋቾቹ ገዝፈው አስደነገጧት። አፏን ከፈተች፤ ድምፅዋ ቀጠነባት። «ስምንት ለአምስት፣ አጭር፣ ደረሰ። አምስት ለአንድ…» ቁልፎቹ ከግድግዳው ወዲያ እየተደናቀፉ ተከተሏት። ጥቂት እንደሄዱ በማዳመጫው አንድ ጊዜ «ቷ» የሚል ተሰማ፤ በጣቱ ማይክሮፎኑን መታው። ድገሚ ማለቱ እንደሆነ ገባት። ደገመች። ሁለት ጊዜ መታ፤ ገባኝ። በዚህ ተስማሙ። አንድ ከሆነ ድገሚ፣ ሁለት ከሆነ ገባኝ። ሌላ ቋንቋ አልነበራቸውም። ለሥራው የሚያስፈልገውን በስልኩ እየጻፈ ያሳያት ነበር፤ ቀልድ ግን አይጽፍም። ምናልባት የሚቀልደው በጉሮሮው ብቻ ይሆናል።

ያን ቀን ስህተታቸው በዛ። በሁለተኛው አጋማሽ አንዷ «ቷ» ደጋግማ ስትመጣባት እንባዋ ቀረበ። በረኛው ኳሷን ደረቱ ላይ አቅፎ ወደቀ።

«አንድ ያዘ» አለች።

ቷ።

«አንድ! ቁጥር አንድ ያዛት!»

ቷ።

ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ከዚያ ቀስ ብላ «ጋሽ ወልደገብርኤል ያዛት» አለች። «አቅፏታል። ደሞዙ ነች።»

በማዳመጫው ትንፋሽ ሰማች፤ ድምፅ የሌለው፣ በአፍንጫ የወጣ፣ አጭር ሳቅ። ከዚያ ሁለት መታ። ከዚያ በኋላ ቁልፎቹ አልተደናቀፉም።

የካቲት ገባ፣ ረመዳንም ገባ። ኢልሀም እየጾመች ትጠራ ነበር። ከሰዓት ላይ ምላሷ ከላንቃዋ ይጣበቃል፤ «ሐድጉ ለእምሩ» ስትል «ሐ» ትቆርጣታለች። እንድሪያስ ሐኪሙ በየጊዜው ውኃ ጠጣ ብሎታል፤ የላስቲክ ጠርሙስ ሁልጊዜ ከእጁ አይጠፋም ነበር። በጾሙ ሳምንታት ግን በየአጋማሹ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ትሰማ ጀመር። አንድ ቀን ወጥታ አየች፤ ጠርሙሱን ኮሪደሩ መጨረሻ፣ የጽዳት ዕቃ ከሚቀመጥበት ኋላ ደብቆ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይጠጣል። እሷ ከግድግዳ ማዶ ስለሆነች ክፍሉ ውስጥ ቢጠጣም እንደማይታያት ያውቃል። ሳያያት ተመልሳ ገባች። ስለዚህ ነገር ምንም አልተባባሉም።

የሲንም መሸጥ ጀመረ። በመጋቢት አንድ ጎል፣ በሚያዝያ ሌላ፤ «የሲን አራገፈ! ቀበቶውንም ካልሲውንም!» ብላ ስትጮህ ባለ ካሮቶቹ ግድግዳውን ደበደቡ። አቶ ኃይለየሱስ ስህተታቸው መቀነሱን አይተው ምንም ሳይናገሩ አለፉ። ፕሮምየን ከወራጅ ቀጠናው በአንድ ነጥብ ከፍ ብሎ ወደ መጨረሻው ሳምንት ደረሰ። ጨዋታው ከበታቹ ካለው ቡድን ጋር፣ ከሜዳው ውጪ ነበር። አቻ ከወጣ ይተርፋል፤ ከተሸነፈ ያ ቡድን ያልፈዋል፣ ይወርዳል።

ጨዋታው እሁድ ተደረገ። እነሱ የሚጽፉት ሰኞ ነው። በጠሪዎችና በጻፊዎች መካከል የቆየ ደንብ ነበር፤ ሳይጽፉ ውጤት ማየት ነውር ነው። ውጤቱን ያወቀ እጅ ይቀድማል፤ ያልሆነውን ይጠብቃል። ኢልሀም እሁድ ስልኳን ዘግታ ልብስ አጠበች። ሰኞ ጠዋት ከአፍንጮ በር ተነስታ የራስ መኮንን ድልድይን ተሻግራ ወደ ፒያሳ ወጣች። ውጤቱን እንዳይነግራት የምትፈራው ሰው እንደሌለ ያወቀችው መንገድ ላይ ነው። በታክሲው ሰልፍ የቆመው፣ ጋዜጣ የያዘው፣ ጫማ የሚያስጠርገው፣ ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ ፕሮምየን የሚል ስም የሰማ የለም። አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አቋማሪ ቤቱ የእሁድን ውጤት በር ላይ ይለጥፋል፣ የፖላንዱንም ጭምር። ወደ ማዶ ተሻገረች።

በሩ ላይ የቆመ ልጅ ጠራት። «እህት! ምነው ሸሸሽን? አንበላሽም እኮ! ነይ፣ የዛሬውን ንገሪንና አብረን እንክበር።»

«እናንተን ያከበረ ማን አለ?» አለችው ሳትዞር። ጓደኞቹ ሳቁበት።

እንድሪያስ ቀድሟት ገብቶ ነበር። በክፍሉ በር ስታልፍ ጀርባውን አየችው፤ ሻርፑ ላይ ጎንበስ ብሏል። «ደህና አደርክ?» አለች። እጁን አነሳ፣ አልዞረም።

ጨዋታው ተጀመረ። የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ጎል አለቀ። ኢልሀም በእርጋታ ጠራች። ሐድጉ ይጮሃል፣ እምሩ ያሻማል፣ የሲን ይዞራል። በሁለተኛው አጋማሽ ባለሜዳዎቹ ገፍተው መጡ፤ ጋሽ ወልደገብርኤል አንዱን በእግሩ፣ አንዱን በጣቶቹ ጫፍ መለሰ። ሰዓቱ እየሄደ ነበር። ዜሮ ለዜሮ። ጥቂት ቢቀር ነው፣ ትተርፋላችሁ፣ አለች በልቧ፤ ለማን እንደምትል ሳታስበው።

«ሐድጉ ለጋሽ ወልደገብርኤል፣ ወደ ኋላ፣ ደረሰ።»

ቁልፍ አልተመታም።

ቪዲዮውን አቆመች። «ሐድጉ ለጋሽ ወልደገብርኤል፣ ደረሰ» አለች ደግማ። እስካሁን አንዲትም አልጣለም ነበር፤ እጁ እዚህ ቦታ ላይ ቆመ። ስክሪኑ ላይ ምንም የሆነ ነገር የለም፤ ሽማግሌው በረኛ ኳሷን በእግሩ ሥር ይዞ ቆሟል፣ ቢጫና ጥቁር ለባሾቹ ተበትነዋል። ኢልሀም ስዕሉን አየችው፣ ከዚያ ግድግዳውን አየች።

«ትናንት አይተኸዋል» አለች።

ጣቱ ማይክሮፎኑን ሲዳስስ ሰማች። ከዚያ ሁለት መታ።

«ብቻህን?»

ሁለት መታ።

እጆቿን ጭኗ ላይ አሳረፈች። አልተናደደችም። እሁድ ከአጎቱ ግቢ አንድ ጥግ ላይ፣ ስልኩን በእጁ ይዞ፣ ለማንም ሊነግረው ያልቻለውን ሲያይ ታያት። ቢናገር እንኳ የሚሰማው ማን ነበር? በዚህ ከተማ ውስጥ የሚሰማው ሰው እሷ ብቻ ነበረች፣ እሷ ደግሞ ስልኳን ዘግታ ልብስ ታጥብ ነበር።

«ልቀጥል አልችልም» አለች።

ወንበሩ ተንቋቋ። ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማች፤ ከዚያ ከአራት ወር በኋላ ድምፁ መጣ። ድምፁ የድሮው አልነበረም። መሬት ላይ እንደሚጎተት የቆርቆሮ በር ነበር።

«ጽሑፉን ወደ አንቺ ስክሪን መልሼዋለሁ። እኔ ልጥራ።»

«ሐኪሙ ከልክሎሃል እኮ! እንድሪያስ፣ ተው!»

«ጻፊ፣ ጻፊ» አለ። «ኳሷ እምሩ ጋር ልትደርስ ነው።»

ጻፈች። ጋሽ ወልደገብርኤል ለእምሩ፣ ረጅም፣ ደረሰ። እምሩ ለየሲን፣ ተቀማ። ባለሜዳዎቹ ኳሷን በሐድጉ ራስ ላይ አሳልፈው ወደ ባዶው ሜዳ ላኳት። እንድሪያስ በየቃሉ መሐል አየር ይስባል።

«ጋሽ ወልደገብርኤል ወጣ» አለ። «ከበሩ ወጣ።»

ዓመቱን ሙሉ መስመሩን ያልለቀቀው በረኛ ሲሮጥ አየችው። ጉልበቱ ከብዶት፣ እጆቹን ዘርግቶ፣ ኳሷ ላይ ለመድረስ ይሮጣል። ግማሽ እርምጃ ቀረው። ኳሷ በጎኑ አለፈች፤ ከኋላው በሩ ባዶ ነበር።

«ገባች» አለ እንድሪያስ በሹክሹክታ።

ጻፈችው። ለጎል የሚያበቃ ስህተት ካለ የማን እንደሆነ መሞላት አለበት፤ ካልተሞላ ማሽኑ ወደሚቀጥለው አያሳልፍም። ጠቋሚዋ እዚያ ቦታ ላይ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሐድጉ ብላ ልትሞላው ትችል ነበር፤ ሐድጉ ጥፋት ተጭኖበት ያውቃል፣ ይጮሃል፣ ያልፍለታል። ግን የሐድጉ አልነበረም።

«የሱ ነው» አለ ድምፁ፣ እያሰበች ያለችውን ያወቀ ይመስል። «መውጣት ነበረበት ግን።»

አንድ ቁጥርን መታች። የቀሩት ደቂቃዎች ኳስ ወደ ሰማይ መለጋት ብቻ ነበሩ። ፊሽካው ሲነፋ ካሜራው በረኛውን አሳየ፤ ጓንቱን አውልቆ ከባዶው በሩ ፊት ቆሟል፣ የሚሄድበትን የማያውቅ ይመስላል።

ከሰዓት በኋላ አቶ ኃይለየሱስ ጠሯቸው። ኢልሀም ወደ ሌላ ሊግ፣ ገና በቁጥር ከሚጠራ አዲስ ጠሪ ጋር። እንድሪያስ ጉሮሮው እስኪድን ዕረፍት፤ ከዚያ እናያለን። «እናያለን» ሲሉ መነፅራቸውን ያጸዱ ነበር። ቡና ማሽኑ ጋ ጎን ለጎን ቆሙ። ልትለው የፈለገችው ብዙ ነበር፤ እሱ ግን ስኳሩን ያያል፣ እሷም ስኳሩን አየች።

«ጉሮሮህ አመመህ?»

ትከሻውን ነቀነቀ። ማኪያቶውን ሳይጨርስ አስቀምጦ፣ ጠርሙሱን ይዞ፣ ደረጃውን ወረደ።

ማታ ስትመለስ ወደ ማዶ አልተሻገረችም። አቋማሪ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ቆማ አነበበች። ከብዙ መስመሮች መካከል አንድ መስመር ነበር፤ አንድ ለዜሮ። የጠዋቱ ልጅ አሁንም በሩን ተደግፎ ቆሟል።

«ይሄኛው ቡድን ብር በላሽ እንዴ? እኔንም ነው የበላኝ። የማን አገር እንደሆነ እንኳ አላውቅም።»

«የሰፈሬ ልጆች ናቸው።»

«ሙድ ያዥብኛ!» አለና ሳቀ፤ ከዚያ ፊቷን አይቶ ሳቁን ተወው።

ድልድዩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከሥር ወንዙ አይታይም፣ ይሰማል። የክፍሏን ቁልፍ ከቦርሳዋ አወጣች፣ መልሳ አስገባችው። ስልኳን አወጣች። የእንድሪያስ ቁጥር በሥራው ቡድን ውስጥ ነበር፤ ደውላለት አታውቅም። ሲደወልለት እንደማያወራ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሰው መደወል ከተወ ቆይቷል። ደወለች።

ተነሳ። ትንፋሽ ብቻ።

«አታውራ» አለች ቶሎ ብላ። «ምንም እንዳትናገር።»

ወደ መንገዱ ዞረች። መኪኖች ያልፋሉ። ከፒያሳ በኩል ሎተሪ አዟሪ ይወርዳል፤ ከአፍንጮ በር በኩል ጥላ የያዘች ሴት ትወጣለች። ኢልሀም ፊቷን ከነፋሱ አዞረች።

«ሎተሪ አዟሪው ወጣ» አለች። ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋችው። «በግራ መስመር ይወርዳል። አንዲት ሴትዮ መጣችበት። ሎተሪ አዟሪው ለሴትዮዋ፣ አጭር… አልደረሰም። አለፈችው። ሳይሸጥ ገባ።»

 ዘግቶት እንደሆነ ለማየት ስልኩን ከጆሮዋ ልታነሳው ስትል ሰማችው።

ቷ። አንድ ጊዜ ብቻ።

ሎተሪ አዟሪው ሩቅ ሄዷል፤ ሴትዮዋም ከዳገቱ ላይ ጠፍታለች። ኢልሀም የድልድዩን ግድግዳ ተደግፋ፣ ከመጀመሪያው ጀምራ ደገመችለት።